የቧንቧው ውፍረት

የፓምፑ ኦፕሬተር ቆጣሪውን በተከልኩ ቀን ሁለት ጊዜ ነግረውኝ ነበር። «ይሄ ቧንቧ ተቀይሯል፤ እንደ ታችኛው ወፍራም አይደለም» አሉኝ። እኔ ግን እጄ ላይ ካለው፣ የቆጣሪው ቁጥር ከሚሞላበት ተርሚናል ቀና አላልኩም።

ቦታው ከከሚሴ ወጣ ብሎ በጨፋ ሸለቆ ያለ መንደር ነው። ውሃው ከጉድጓድ ተስቦ ጉብታው ላይ ወዳለው ማጠራቀሚያ ይወጣል። ጉድጓዱ ጋ የቆየ ቆጣሪ ነበር፤ እኔ የተላክሁት ማጠራቀሚያው መግቢያ ላይ አዲስ ልተክል ነው። በድምፅ ሞገድ የሚለካ ስለሆነ ቧንቧ መቁረጥ አያስፈልግም። ሁለት ሴንሰሮች ቅባት ተቀብተው ከውጭ ይታሰራሉ፤ ከዚያ በተርሚናሉ የቧንቧው ዓይነት፣ ስፋቱና የግድግዳው ውፍረት ይሞላል። የቀረውን መሣሪያው ራሱ ያሰላል።

ውፍረቱን መለካት ነበረብኝ። መለኪያው መኪና ውስጥ ቀርቷል፤ መኪናው ደግሞ ከጉብታው ሥር ቆሟል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የታችኛውን ቧንቧ ውፍረት በቃሌ አስታውሼ ሞላሁት። ስክሪኑ ሲግናሉ ደካማ መሆኑን ሲያሳየኝ እንኳ ሴንሰሩን ትንሽ ገፋ አድርጌ አለፍኩት።

«አለቀ፣ አባ» አልኳቸው።

«ማሻአላህ። ለካኸው?»

«መሣሪያው ያውቀዋል።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቆጣሪዎች በተመሳከሩ ቁጥር ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ውሃ መንገድ ላይ የሚጠፋ መሰለ። መስመሩን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ ከብት የሚነዱ ሰዎችም በዚያው ያልፋሉ። እኛ ቢሮ ውስጥ አንዱ «ሽማግሌው ለከብት እየከፈቱ ነው» አለ። ማንም አልተቃወመም። ያኔ ተርሚናሉ ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ትዝ ብሎኛል። ዝም አልኩ። እሳቸው ከሥራ ታገዱ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መስመሩን እንዳይ ተላክሁ። ከሩቅ አዲስ የተቆፈረ አፈር አየሁ፤ ከጉድጓዱ ጀምሮ ቧንቧውን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። እሳቸው ወገባቸው ድረስ ቦይ ውስጥ ገብተው ዶማ ይዘዋል። ጢማቸው አቧራ ለብሷል።

«የሚያፈስበትን እየፈለግሁ ነው» አሉኝ። «ወላሂ አልከፈትኩም። ውሃው ከጠፋ አንድ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው።»

ጉብታውን ወጥቼ፣ በዚህ ጊዜ ግን መለኪያውን ይዤ፣ ለካሁ። ቧንቧው እንዳሉት ስስ ነበር፤ እኔ ወፍራም ብዬ ስለሞላሁ መሣሪያው ውስጡን አጥብቦ፣ ውሃውን አሳንሶ ሲቆጥር ከርሟል። ተርሚናሉን ስከፍት ያስገባሁት ቁጥር እንደተቀመጠ አገኘሁት። አስተካከልኩት፤ ሴንሰሮቹንም መሣሪያው ባለው ርቀት አሰርኳቸው። ሲግናሉ ወዲያው ጠነከረ።

ስወርድ ከቦዩ ውስጥ ቀና አሉ። «አገኘኸው?»

«አይ፣ እስቲ እናየዋለን» ብዬ አለፍኳቸው። ቁፋሮውን ተዉት እንኳ አላልኩም።

በሚቀጥለው ወር ሁለቱ ቆጣሪዎች እኩል መጡ። ኃላፊያችን ወረቀቱን አንስቶ፣ «አያችሁ? እሳቸው ከተነሱ ወዲህ ጠብታ አልጠፋም» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ለካ በስውር ያስተካከልኩት ቁጥር እሳቸው ላይ ምስክር ሆኖ ኖሯል። ይህን እያወቅሁ ደግሞ ሁለት ቀን ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ክፍል ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላየኝም። ወደ ሥራ የሚመልሳቸውን ደብዳቤ ጻፈ፤ እኔው ልውሰደው ብዬ ለመንኩ።

ቤታቸው ሄጄ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። «አውፍ በሉኝ፣ አባ።»

ክንዴን ይዘው አነሱኝ። «እኔ አውፍ ብያለሁ። ግን ሌባ ያለኝ ቢሮው ብቻ አይደለም። ሰላምታ የነሳኝ ጎረቤት አለ።»

«ምን ላድርግ?»

«ጁምዓ ና።»

ዓርብ ሶላት ሲያልቅ መስጊዱ ደጅ ቆምኩ። እሳቸው ሰዉን ሰብስበው አጠገቤ ቆሙ። አብዛኞቹ አማርኛው ስለማይቀናቸው፣ የምለውን እሳቸው በኦሮምኛ ይመልሱላቸው ነበር። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ነግረውኝ እንዳልሰማሁ፣ ከስንፍና እንዳልለካሁ፣ ጥፋቴን አውቄ እንደደበቅሁ።

የእኔ ኦሮምኛ ገበያ ላይ የለመድኩት ነው፤ ቢሆንም የሚሉትን ለመስማት በቂ ነበር። «መሣሪያው አዲስ ነው፤ ልጁ ተሳሳተ» አሏቸው። ስንፍናውን አላነሱም። መደበቄንም አላነሱም። አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብለው አዩኝና ቀጠሉ።

ሰዉ «አልሐምዱሊላህ» አለ። እሳቸውን እየመጡ አቀፏቸው። ሰላምታ ነስተዋቸው የነበሩት ጎረቤት እጃቸውን ይዘው አልለቅ አሉ። እኔንም «አይዞህ፣ ሰው ይሳሳታል» እያሉ ጨበጡኝ፤ አንዱ ምሳ ካልበላህ ብሎ ጎትቶ ወሰደኝ።

ሰኞ ሥራቸው ላይ ተመለሱ። ዛሬም ስሄድ በደንብ ይቀበሉኛል። እኔ ግን ያን ዓርብ «መሳሳት ብቻ አይደለም፣ ደብቄያለሁ» ማለት ነበረብኝ። ቃሉን በኦሮምኛ አውቀዋለሁ። አላልኩትም፤ ከሰዉ ጋር ተቀምጬ ምሳዬን በላሁ።