ደረሰኝ የሌለው ግንብ

አክስታችን አድሊስቪል በምትባል ጀርመንኛ ተናጋሪ ከተማ ያለችውን ቁራሽ መሬት ለእኔና ለታናሽ እህቴ ትታ ስታርፍ፣ እኔ ፈረንሳይኛ የሚነገርበት ላንሲ ከተማ ቁጭ ብዬ የግብር ሊቅ ሆንኩ። እውቀቴ በሙሉ ቸርች ሻይ ላይ የሰማሁት ነው፦ እዚህ አገር መሬት ይዘህ ቶሎ ከሸጥክ የትርፉ ግብር ይከብዳል፣ ከቆየህ ይቀላል።

"እንጠብቅ" አልኳት በስልክ።

እህቴ መጠበቅ አልቻለችም። ላንግሽትራሰ የሚባለው መንገድ ላይ ተቀጥራ የምትሠራበትን የሐበሻ ሱቅ ባለቤቱ ሊለቀው ነው፤ ከመሬቱ ሽያጭ በሚደርሳት ድርሻ ካልያዘችው ለሌላ ሰው ይሰጠዋል።

"አንተ ደግሞ መቼ ያልከው ልክ ሆኖ ያውቃል?" አለችኝ።

ይሄ እውነት ስለሆነ ባቡር ይዤ ሄድኩ፤ አብረን ጌማይንደው፣ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ፣ ግብር ክፍል ገባን። ጀርመንኛዬ ትራም ከመሳፈር ስለማያልፍ እህቴ ታስተረጉምልኛለች።

"አክስታችሁ መሬቱን መቼ ገዛች?" አለች ሠራተኛዋ።

"ይሄ ሰውዬ ፀጉር በነበረው ጊዜ" አለች እህቴ ወደ እኔ እየጠቆመች።

ሴትዮዋ ጭንቅላቴን አየት አድርጋ፣ "በጣም ቆይቷላ" አለች። ከዚያ አስረዳችን፦ በውርስ ሲሆን ቆጠራው ከእኛ አይጀምርም፤ አክስታችን የያዘችባቸው ዓመታት ይታሰቡልናል። ቤትም ወርቅም ይወረሳል፤ ትዕግሥት ይወረሳል ብሎ ማን ያስባል? ግን ትርፉም የሚሰላው አክስታችን ከገዛችበት ከድሮው ዋጋ ተነስቶ ስለሆነ ይበዛል። መሬቱን ያሻሻለ ወጪ ካለ ይቀነሳል።

እህቴ ዳገቱን የያዘውን የድንጋይ ግንብ አነሳች።

"የትኛው ድርጅት ሠራው?"

"የቸርች ሰዎች፣ በሁለት ቅዳሜ ደቦ።"

"ክፍያውስ?"

"ዶሮ ወጥ።"

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ማን እንደጠራቸው፣ ማን እንዳዘዛቸው ጠየቀች። "በሁለተኛው ቅዳሜስ ለምን ተመልሰው መጡ?"

"ግንቡ አላለቀማ" አልኩ።

መልሱን ወደደችው፤ ግን ደረሰኝ ስለሌለ ምንም አልቀነሰችልንም። የግብሩን ግምት ነግራን ወጣን።

እህቴ ውጪ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ከግብሩ የሚተርፋትን ድርሻ አሰላች። "ሱቁን ይይዛል፣ ፍሪጁን አይገዛም።"

"ፍሪጁ በእኔ ይሁን።"

"ምን ልትጠይቀኝ ነው?"

"ስመጣ በርበሬ በነፃ።"

"ምክር ካልጨመርክበት ይሁን" አለችና ስልኳን አወጣች። ለባለሱቁ፣ "ለማንም እንዳትሰጠው፣ መሬቱን አሁኑኑ እየሸጥን ነው" ስትለው እኔ ምክሬን ዋጥኩ።