የሽንት ቤቱ ቁልፍ

ኮሌታ ሰፊዋን ጎረቤቶቿ «ቋጠሮ» ይሏታል። ቂም ከቋጠረች በጥርስም አይፈታም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው ሲመክሯት፣ «ታዲያ ጸሎቱን ነዋ የምተወው!» ትላለች።

እሷና ታናሽ እህቷ በልብስ ፋብሪካው ጎን ለጎን ይሰፉ ነበር፤ እሷ ኮሌታ፣ እህቷ እጅጌ። ሥራው ቅብብል ነው። አንዷ ከተነሣች ከእሷ የሚቀበሉት ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። በዚህ ሰበብ ተቆጣጣሪው ሽንት ቤቱን ቆልፎ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ሴቶቹ «ቅዱስ ጴጥሮስ» ብለውታል። ልዩነቱ ይሄኛው ለማንም አይከፍትም።

አንድ ቀን እህቷ ለመነችው። «ምሳ እስኪደርስ ቻይ፤ ሕፃን ነሽ እንዴ?» አላት። ቻለች፣ ቻለች፣ በመጨረሻ ወንበሯ ላይ አመለጣት። ይሄ ሰው፣ አፈር ይብላውና፣ ማሽኖቹን አስቁሞ ሴቶቹን ሁሉ ጠርቶ አሳያቸው። «ነገ ዳይፐር ይዘሽ ነይ» ብሎም ሳቀ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ወደ ፋብሪካው አልተመለሰችም። ከቤትም አትወጣም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትውላለች።

ታላቅየዋ ኮሌታዋን መስፋቷን ቀጠለች። ተቆጣጣሪውም ነገሩን ረሳው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

ከወራት በኋላ የፋብሪካው ባለቤት ሸሚዝ ገዢዎችን ሊያስጎበኝ ይዞ መጣ። ሴቶቹ ንጹሕ ጋዋን ለብሰዋል። ኮሌታ ሰፊዋ ከጠዋት ጀምሮ ውኃዋን ስትጠጣ ነው ያረፈደችው። እንግዶቹ አጠገቧ ሲደርሱ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ቁልፉን።»

«በኋላ!» አለ ተቆጣጣሪው ጥርሱን ነክሶ።

«አሁን ነው የምፈልገው።»

«እንግዳ አይታይሽም? ቁጭ በይ!»

አልተቀመጠችም። እንደቆመች፣ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል ለቀቀችው። ባለቤቱ ጫማውን ለማትረፍ ወደ ኋላ ዘለለ።

«እህቴን ሰው ጠርቶ አሳያት» አለች ጮክ ብላ። «እኔን ደግሞ እናንተ እዩኝ!»

ኪስ ሰፊዋ ተነሣችና እጇን አወጣች። ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ መደዳው በሙሉ። «ቁልፍ! ቁልፍ!» አዳራሹ ተናጋ። እንግዶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ ባለቤቱ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንተ! ጥረግ!» ብሎ አምባረቀ።

ተቆጣጣሪው በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ባልዲና ጨርቅ ይዞ ተንበረከከ። እሷ ከላዩ ቆማ «እዚህ ጋ ቀርቶሃል፣ ጋሼ» እያለች ታሳየው ነበር። ማር እንኳ እንዲህ አይጣፍጥም!

የሽንት ቤቱ በር ከዚያ ቀን ጀምሮ አይቆለፍም። እሷን ግን እንግዶቹ እንደወጡ አባረሯት።

ቤት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ግድግዳ ግድግዳውን ለምታየው እህቷ ሁሉንም ነገረቻት።

«አባረሩሽ?» አለች እህቷ።

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ልንበላ ነው?»

«እኔ እንጃ።»

እህቷ ቀስ ብላ ወደ እሷ ዞረች።

«እስኪ እንደገና ንገሪኝ» አለቻት። «ከተንበረከከበት ጀምሪልኝ።»