ደብዳቤ ጽፈን የጎበኘነው ወንዝ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ገላን ኮንዶሚኒየም

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አሥራ ሁለት ባዶ ጠርሙስ፣ ጓንትና ማርከር ይዤ የብሎካችንን ደረጃ እወርዳለሁ። መንገዴ ለራሴም ያስቀኛል። ተማሪዎቼን ወደ አቃቂ ልወስድ ነው፤ አቃቂ ደግሞ ከቤቴ በታክሲ ሩብ ሰዓት አይሞላም። አውቶቡሱ የሚነሳው ግን ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ስለሆነ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ፣ እንደገና ወደ መጣሁበት መመለስ አለብኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጠርሙሶቹ ሲንኳኩ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው ቦርሳዬን አይተው አላስቻላቸውም።

«የኔ እህት፣ ውሃ የት መጥቶ ነው?»

«አልመጣም። ከወንዝ ልቀዳ ነው።»

«እዚህም ደረስን?» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ጠዋት 1:45፣ ግቢ

አርባ ሁለት ተማሪ ይጠበቃል። ስም ስጠራ ሠላሳ ስምንት ሰው አርባ አንድ ጊዜ «አቤት» አለ። ስም ጠርቼ ጨረስኩ፤ ሰው ፊት መከራከር አይሆንልኝም።

የማስተምረው የአካባቢ ጥናት ነው። ኮርሱ የጋራ ስለሆነ ክፍሌ ውስጥ የሕግ፣ የነርሲንግ፣ የሲቪል ምህንድስናና የአካውንቲንግ ተማሪዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ግማሾቹ «አንቺ» ይሉኛል፣ ግማሾቹ «እርስዎ»። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ኮርሱ ከሙያቸው ጋር እንደማይገናኝ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሃያት የምትባል የነርሲንግ ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እኔ ሰው ነው የማክመው፤ ወንዝ ምን አደርጋለሁ?» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለዚህ ነው ጉዞውን ያሰብኩት።

እቅዱ ቀላል ነው። አቃቂ ውስጥ ያለ አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ እንጎበኛለን፤ ስሙን አልጽፍም። ከጀርባው የሚያልፍ ጠባብ ወንዝ አለ፤ ዝቅ ብሎ ከአቃቂ ወንዝ ጋር ይገናኛል። ከፋብሪካው በላይ፣ ከፋብሪካው መውጫና ከበታች ናሙና እንቀዳለን፤ ተማሪዎቹ ሪፖርት ይጽፋሉ። ፋብሪካው እንዲያስገባን ከሦስት ሳምንት በፊት ደብዳቤ ጻፍኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የምናያቸውን ቦታዎች፣ የተማሪዎቹን ብዛት፣ የአውቶቡሱን ሰሌዳ ሳይቀር አስገባሁበት። ጠንቃቃ ነኝ።

ጠዋት 3:00፣ ቃሊቲ

ከሳሪስ በኋላ መንገዱ የከባድ መኪና ነው። ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች፣ ጎማ የሚጠግኑ ሱቆች፣ በሲሚንቶ አቧራ ነጭ የሆኑ ቅጠሎች። ለቁርስ ቆምን። ፓስቲ ከዘይቱ እየወጣ በጋዜጣ ይጠቀለላል፤ ሻዩ ስኳር በዝቶበታል። ተማሪዎቹ ፎቶ ይነሳሉ።

ሹፌራችን ጋሽ ሰይድ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ቱሉ ዲምቱ ይኖራሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከብዙዎቻችን በላይ ቆይተዋል። አውቶቡሱ ጀርባ ቆመው በስልክ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«አዎ፣ ቃሊቲ ነን። አርባ ይሆናሉ። ሻይ እየጠጡ ነው። እሺ፣ ስንነሳ እደውላለሁ።»

ጠረጠርኩ። ስልኩን እስኪዘጉ ጠብቄ፣ ተማሪዎቹ እንዳይሰሙ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ማን ነው የደወለው?»

«የፋብሪካው ሰውዬ ነዋ! ከትናንት ጀምሮ እንደ ሚዜ የት ደረሳችሁ፣ የት ደረሳችሁ ይለኛል።»

«ቁጥርዎን ከየት አገኘው?»

«ከደብዳቤው ላይ። የሹፌር ስልክ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ ልጄ?»

ጠዋት 4:10፣ አቃቂ፣ ፋብሪካው

ጥበቃው ሳይጠይቀን በሩን ከፈተ። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው አቶ ታምራት ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁን። ነጭ ሸሚዝ፣ አዲስ የተወለወለ ጫማ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ሰላምታ። ቆሻሻ ውሃ የሚጣራባቸውን ሦስት ገንዳዎች አሳዩን፤ ዳር ዳሩ አዲስ ኖራ ተቀብቷል። ከመጨረሻው ገንዳ የሚወጣው ውሃ በሲሚንቶ ቦይ ወደ ወንዙ ይፈሳል። ቀለም የለውም። የቦዩ ወለል ላይ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል።

«እንደምታዩት፣ መምህርት፣» አሉ አቶ ታምራት፣ «እኛ የምንደብቀው ነገር የለም።»

ብሩክ የሕግ ተማሪ ነው፤ ጥያቄ ሲጠይቅ ፍርድ ቤት የቆመ ይመስለዋል። «ይቅርታ፣ ደብዳቤያችን መቼ ነበር የደረሳችሁ?»

«ኧረ ቆይቷል! ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንዘጋጅላችሁ ነው የከረምነው።» በኩራት ነው የተናገሩት። ብሩክ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ወደ ቦዩ ስንወርድ የሲቪል ምህንድስናው ቶሎሳ ተንበርክኮ ግድግዳውን በጣቱ ይፈትጋል። ቶሎሳ በሴሚስተሩ ሙሉ ሁለት ጊዜ ቢናገር ነው።

«ቲቸር፣ እስቲ እዪው። ግድግዳው እስከ ጉልበቴ ድረስ ወይን ጠጅ ሆኗል። የዛሬው ውሃ ቁርጭምጭሚት አይደርስም።»

«ያረጀ ቀለም ይሆናል።»

ጣቱን አሳየኝ። ጫፉ ወይን ጠጅ ነበር።

ሃያት ደግሞ ውሃም ቦይም አላየችም። ከአዳራሹ የወጡ ሠራተኞችን ነበር የምታየው። «እጃቸው እስከ ክርን ሰማያዊ ነው። ጥፍራቸው ሥር፣ የጣታቸው መሐል ሳይቀር ቆስሏል። ይኼ ሁሉ ቀለም ውሃው ውስጥ ከሌለ የት ነው የሚሄደው?»

እኔ በዚህ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ግን ስንገባ ቢሮው ግድግዳ ላይ በፍሬም ተሰቅሎ ያየሁትን የፋብሪካውን የምስክር ወረቀት ነው። «ናሙናውን እንቅዳና እናያለን» አልኳቸው። ጠርሙሶቹን ሦስት ሦስት ጊዜ አለቅልቀው ቀዱ። ከመውጫው የተቀዳው ጠርሙስ ለመጠጥ የታሸገ ይመስል ነበር።

ቀጥሎ አዳራሽ። በጠረጴዛው ላይ ሚሪንዳ፣ ዳቦ፣ ቆሎ። ጉብኝት ሲያልቅ እንደሚደረገው ሁሉ፣ ጠንካራ ጀርባ ያለው የእንግዶች አስተያየት መዝገብ መጣ። አቶ ታምራት ገጹን ገልጠው እስክሪብቶውን እጄ ላይ አኖሩት።

«ሁለት መስመር ብቻ፣ መምህርት። ያዩትን።»

ሠላሳ ስምንት ተማሪ ያየኛል። የሰው ሚሪንዳ ጠጥቻለሁ። ቶሎሳ ጣቱን ሱሪው ላይ እየጠረገ ነው። ልቤ አላመነም፤ እጄ ግን ጻፈ፤ «ከፋብሪካው የሚወጣውን ውሃ ንጹሕ ሆኖ አግኝተነዋል። ለመስተንግዶው እናመሰግናለን።» ስም፣ መምህርት፣ ፊርማ። አቶ ታምራት ቀለሙ ሳይደርቅ በስልካቸው ፎቶ አነሱት። ይህችን ፎቶ አልወደድኳትም።

ከቀኑ 6:30፣ ከፋብሪካው በታች

ናሙናው እንዲሟላ ወንዙን ተከትለን ወረድን። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን። በመደቡ መሐል አንዲት ሴት የውሃ ፓምፕ አስነስተው ጎንበስ ቀና ይላሉ። አደ ጫልቱ ይባላሉ፤ አደ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። ቦታው ከአባታቸው እርሻ የተረፈ ነው፤ ቀሪው ላይ ፋብሪካና ኮንዶሚኒየም ቆሟል። አርባ ሰው ጠርሙስ ይዞ ሲመጣባቸው አልደነገጡም።

«ለካ እናንተ ናችሁ! እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ውሃው ምን ነካው እያልኩ።»

«ምን ሆነ?» አለች ሃያት።

«ጠራ። እንግዳ ሲመጣ ይጠራል። እኛም ሮጠን ፓምፕ እናስነሳለን።» ፓምፑን በእግራቸው ነካ አደረጉት። «እናንተ በየሳምንቱ ብትመጡ ጎመኔ የት በደረሰ!»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። «በሌላው ቀንስ?»

«በሌላው ቀን ሲነጋጋ ይለቁታል። ወይን ጠጅ። አንዳንዴ ቀይ። ያን ያጠጣሁት ጎመን ሥሩ ይበሰብሳል፤ እግሬም እንዲህ ይሆናል።» ቀሚሳቸውን እስከ ባታቸው ሰበሰቡ። ሃያት ሳትጠየቅ ተንበረከከች፤ ቁስሉን ሳትነካ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አላመለከቱም?» አለ ብሩክ።

«አምና አመለከትን። ወረዳው ፋብሪካውን ጠራ። ሰውየው አንድ ትልቅ መዝገብ ይዞ መጣ። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ንጹሕ ነው ብለው ፈርመዋል ብሎ አነበበልን። ከምሁር በላይ ማን ያውቃል ተባልንና ተመለስን። ዘንድሮ እንደገና አመልክተን ሰኞ ቀጥረውናል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺም ፈረምሽ እንዴ?»

ፓምፑ ይንዶቆዶቃል።

«ፈርሜያለሁ» አልኩ።

«በቃ እንግዲህ» አሉና ወደ ጎመናቸው ጎንበስ አሉ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ከቀኑ 9:00፣ አውቶቡሱ ውስጥ

ማንም አይዘፍንም። ብሩክ ከኋላ መጥቶ ወንበሬ አጠገብ ቆመ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። ሪፖርቱ ላይ ያየነውን ነው የምንጽፈው ወይስ እርስዎ የፈረሙትን?»

«ነገ እነግራችኋለሁ።»

እስከ ሳሪስ ድረስ አደ ጫልቱን ስጠራጠር ነበር። እውነት ለመናገር ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። ካሳ ፈልገው ይሆን? ቁስሉስ ከሌላ ነገር ቢሆን? ቶሎሳ ጣት ላይ ያለው ቀለም የአምና ቢሆን? ከዚያ አቶ ታምራትን ተጠራጠርኩ፤ ከዚያ ፎቶዋን፤ ከዚያ ራሴን። ናሙናውን እንኳ ማመን አቃተኝ። አሥራ ሁለት ጠርሙስ የተዘጋጀ ውሃ ይዤ ወደ ላቦራቶሪ ብሄድ መልሱ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ንጹሕ ይላል። እንደ እኔው።

ጋሽ ሰይድ በመስታወቱ አዩኝ። እግራቸው ሥር አንድ ትልቅ የቆስጣ እስር አለ።

«ከአደ ጫልቱ ገዙ እንዴ ጋሼ?»

«ዛሬ ውሃው ጠርቶ አይቼ ነው እንጂ ሌላ ጊዜ ከዚያ መሬት አልገዛም። ሰፈሬ እኮ ነው፤ በጠዋት ሳልፍ አየዋለሁ።»

«ምን ያያሉ?»

«ጠዋት ነይና እዪው፤ እኔ ምን አገባኝ? እኔ ሹፌር ነኝ። ምሁሯ አንቺ።» ከዚያ ነገሩ ከበዳቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸውን አለሰለሱ። «ግን ልጄ፣ ደብዳቤ እንዳትልኪ።»

ዓርብ ጠዋት

ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከገላን ተነሳሁ። አንድ ሚኒባስ፣ ከዚያ ባጃጅ። የባጃጁ ልጅ ከፋብሪካው ጀርባ አውርደኝ ስለው ዞሮ አየኝ፤ እኔም አየሁት፤ ማንን ያውቅ ይሆን ብዬ።

ሽታው ከቦዩ በፊት ደረሰኝ። ውሃው ወይን ጠጅ ነበር፤ ከላዩ ግራጫ አረፋ ተሸክሞ፣ ቶሎሳ ጣቱን ያሳረፈበት መስመር ድረስ ሞልቶ ይወርዳል። ሙቀት አለው፤ ይተናል። ጓንቴን አጥልቄ ሦስት ጠርሙስ ቀዳሁ። በእያንዳንዱ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ። ከዚያ እግሬ ወደ ታክሲ ሊወስደኝ ሲል በግድ ወደ ዋናው በር አዞርኩት።

የትናንቱ ጥበቃ ነው። ዛሬ በሩን አልከፈተም።

«ደብዳቤ?»

«የለኝም። ትናንት አስተያየት መስጫው ላይ ሳልጨርስ ሄጄ ነው።»

«አቶ ታምራት ገና አልገቡም።»

«እሳቸውን አይደለም፤ መዝገቡን ነው የምፈልገው።»

አመነታ። ከዚያ ማታ ከሚያድርበት የጥበቃ ቤቱ መሳቢያ መዝገቡን አውጥቶ በትንሿ መስኮት አቀበለኝ። ከትናንቱ ፊርማዬ ሥር እንዲህ ጻፍኩ፤ «ዓርብ፣ ጠዋት 12:40። ዛሬ ሳላሳውቅ መጣሁ። ከቦዩ የሚወጣው ውሃ ወይን ጠጅ ነው፤ አረፋ አለው፤ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ትናንት የጻፍኩት ለትናንት ብቻ ነው።» ፈረምኩ። ገጹ ሊቀደድ ይችላል ብዬ ስለጠረጠርኩ ሁለት ጊዜ ፎቶ አነሳሁት።

ጥበቃው መዝገቡን አዙሮ በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«ይኼ እኮ ማኅተም የለውም» አለኝ።

«የትናንቱም አልነበረውም።»

ቁልቁል ወረድኩ። አደ ጫልቱ ፓምፑን ሳያስነሱ መደባቸው ዳር ቁጭ ብለው ወንዙን ያያሉ። ፎቶውን አሳየኋቸው፤ የጻፍኩትንም አነበብኩላቸው።

«ሰኞ በስንት ሰዓት ነው?» አልኳቸው።

«በሦስት።»

«ብዙ ሰው ይኖራል?»

«ሞልቶ ነው የሚውለው።»

«እመጣለሁ። ከኋላ እቀመጣለሁ።»

«ከፊት ነው የምትቀመጪው» አሉ አደ ጫልቱ።