የአንዲት ፒር ጣጣ

ታኦ ሱቺን ልብስ ጠጋኝ ናት። ሻዎሺን ከተማ፣ ቦዩ ዳር፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያና አንድ ቴሌቪዥን በሞሏት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሰፈሩን ሱሪ ስታሳጥር፣ የሰፈሩን ዚፕ ስትቀይር ፀጉሯ ሸበተ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ዝምተኛ፣ ደግ ሰው ነበር፣ አፈር ይቅለለው። ልጇ ሀንግዡ ከተማ አግብታ ትኖራለች። ለሱቺን የቀሯት መኪናዋ፣ ምላሷና የማታው ድራማ ናቸው። ከሦስቱ የትኛው ሲሠራ እንደሚውል ጎረቤት ይመስክር።

ድራማው የመጀመሪያ ፍቅር ነገር ነው። ልጁና ልጅቷ ተማሪ ሳሉ ይዋደዳሉ፣ ይለያያሉ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ይገናኛሉ። በተገናኙ ቁጥር ይዘንባል። ዣንጥላ የሚባል ነገር ያልተፈጠረ ይመስል ሁለቱም ቆመው ይበሰብሳሉ። ልጅቷ «እወድሃለሁ» ልትል አፏን ትከፍትና «እራትህን በላህ?» ብላ ትዘጋዋለች። ይኼኔ ሱቺን መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ታጓናለች።

«አንቺ ደንቆሮ! በይው እንጂ! ምላስሽ ታሰረ?»

«አትሰማሽም እኮ» ይላሉ እትዬ ፓንግ፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቁ። እትዬ ፓንግ ፊት ለፊት ያንን የሚሸተውን የአኩሪ አተር አይብ እየጠበሱ የሚሸጡ ጎረቤቷ ናቸው። ቤታቸው ከእሷ የሚበልጥ ቴሌቪዥን አለ፤ ነገር ግን የሱቺን ስድብ ካልታከለበት ድራማው አይጥማቸውም።

እንዲህ ስትኖር፣ ባለፈው መከር አንድ ሰውዬ ሱሪ ይዞ መጣ። «ትንሽ ረዝሞብኛል፣ ያሳጥሩልኝ» አለ። ሱቺን ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ፣ ተንበርክካ ጠርዙን አጠፈችና፣ እንደ ልማዷ ቀና ሳትል «ስም ማን ልበል?» ብላ ጠየቀች።

«ሹዌ ቻንግገን።»

ስፒሎቹን አለመዋጧ ተአምር ነው። ቻንግገን የጀልባ ሰዎች ልጅ ነበር፤ ሱቺን በአፍላነቷ ከእሱ ሌላ ወንድ በዓለም ላይ ያለ አይመስላትም ነበር። ትልቁ ወንዝ ላይ ጭነት ሊያመላልስ ሄዶ በዚያው ቀረ። አሁን ፊቱ ተጨማዷል፣ ሚስቱ ሞታለች፣ የመጣውም የወላጆቹን ቤት ሊዘጋ ነው። ወሩ ሲያልቅ ሐርቢን፣ ያ ምራቅ እንኳ የሚረጋበት ብርድ አገር፣ ልጁ ዘንድ ጠቅልሎ ሊገባ ነው።

«ደህና ነሽ፣ ሱቺን?» አላት።

«ደህና ነኝ፤ እርስዎስ?» አለች። እርስዎ! አብሯት በቦዩ ሲዋኝ ያደገውን ሰው እርስዎ አለችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በማግስቱ ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ። እትዬ ፓንግ ከምጣዳቸው ኋላ ሆነው አንድ ሁለት ቀን ታዘቡና አልቻሉም።

«ሱቺን፣ ይኼ ሰውዬ ስንት እግር ነው ያለው?»

«ደንበኛ ነው፣ እትዬ ፓንግ። ተዉኝ።»

«ደንበኛ አልሽው? ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ የሚመጣ ደንበኛ ዛሬ ገና አየሁ!»

አንድ ቀን ሱቺን ያመጣውን ሱሪ ገልብጣ አየችና ክው አለች። የራሷ ስፌት ቀዳዳ ጠርዙ ላይ ተደርድሯል። ሰውዬው ሱሪ አልቆበት፣ እሷ የሰፋችውን ቤቱ ተቀምጦ ተርትሮ መልሶ አምጥቶላታል! አለመናገሯ ይግረማችሁ። ያቺ ከቴሌቪዥን ጋር የምትጣላ ሴት ትንፍሽ ሳትል እንደገና ሰፋችው። እንዲያውም ክሩን አላጠነከረችውም፣ ቶሎ እንዲተረተርለት።

እንዲቀር ልቧ ይፈልጋል፤ ይህን ከራሷ አልደበቀችም። ግን እንዴት ብላ ትለምነው? ድሮ የጣላት እሱ ነው። ዛሬ ደግሞ አሮጊት ሆና «ቅር» ብትለውና ጥሏት ቢሄድ፣ በየትኛው ፊቷ ሱቅ ትከፍታለች?

የሚሄድበት ዋዜማ ደረሰ። ቻንግገን የመጨረሻውን ሱሪ አምጥቶ ዱካው ላይ ተቀምጧል፤ ሱቺን መኪናዋን ያለ ሥራ ትዘውራለች። እትዬ ፓንግ የመንገድ ስንቅ ይሁነው ብለው ፒር የሚባለውን ፍሬ በሳህን ይዘው ገቡ። ቢላዋውንም አነሱ።

«ትልቅ ነው፣ አንዱን ለሁለት ልክፈልላችሁ...»

«እንዳይከፍሉት!» ሱቺን ተወርውራ እጃቸውን ያዘች። ሳህኑ ተገልብጦ ፒሩ ሁሉ ወለል ላይ ተንከባለለ።

በእኛ በቻይናውያን ቋንቋ «ፒር መክፈል» ስትሉና «መለያየት» ስትሉ አፋችሁ ላይ አንድ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ አንድ ፒር አይካፈሉም፤ አንዱ ይበላል፣ ሌላው ያያል። እትዬ ፓንግም ይህን ያውቃሉ። ሆን ብለው ነበር የሚለው የእኔ ጥርጣሬ ነው።

«ምን ሆንሽ?» አለ ቻንግገን።

«ምን ሆንሽ ትለኛለህ?» ብላ ዞረችበት። እርስዎነቱ በነነ። «አንተ አይደለህም ፒሩን ከፍለህ የሰጠኸኝ? ልትሄድ ስትል፣ ድልድዩ ላይ! ሰው 'በቃን' ለማለት አፍ የለውም? ግማሽ ፒር ያስይዛል?»

«የምን ፒር?»

«የምን ፒር ይበለኝ! አፌ እየጎመጀ፣ ዓይኔ እያለቀሰ የበላሁትን!»

ቻንግገን ግንባሩን እያሻሸ ቆየና ድንገት ብድግ አለ። «አንቺ ታስዪ ነበራ! ሌሊቱን ሙሉ ስትስዪ አድረሽ! ፒር ለሳል ጥሩ ነው ብዬ ገዛሁልሽ፤ አንተም ካልበላህ አልበላም ስትዪኝ ጊዜ ከፈልኩት!»

«ትርጉሙን አታውቅም ነበር?»

«እኔ የጀልባ ልጅ ነኝ፣ ሱቺን! እኛ የምንፈራው 'መገልበጥ' የሚለውን ቃል ነው። ጀልባው ይገለበጣል ብለን የዓሣውን አንድ ጎን በልተን ጨርሰን እንኳ ሌላውን አናገላብጥም፤ አንዴ ረስቼ አገላብጬ አባቴ በጥፊ ብሎኛል። ስለ ፒርማ ማን አስተማረኝ? ጠዋት መርከቡ ጋ እንድትመጪ ቀጠርኩሽ፣ ቀረሽ። የጀልባ ዘር ንቃ ነው ብዬ አፍሬ ሄድኩ።»

«እኔ ደግሞ የጣለኝን ሰው ምን ብዬ ልሸኘው ብዬ ቀረሁ።»

ለአንዲት ፒር አንድ ዕድሜ! ብትስቁ ያስቃል፣ ብታለቅሱ ያስለቅሳል። እትዬ ፓንግ ጎንበስ ብለው ከመኪናው ሥር የተንከባለሉትን ይለቅሙ ነበር፤ መልቀሙ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

«ባቡሩ ነገ ረፋድ ላይ ነው» አለ ቻንግገን በመጨረሻ። «ጠዋት ሱሪዬን ልወስድ እመጣለሁ።» በሩ ላይ ቆም ብሎ አንድ ነገር ጠበቀ። ሱቺን «እራትህን በላህ?» አለችው። «በላሁ» ብሎ ሄደ።

ያን ምሽት ድራማው ተከፈተ። ዝናቡም ጀመረ፣ ልጅቷም እንደ ልማዷ አፏን ከፍታ ዘጋች። እትዬ ፓንግ ሱፋቸውን ይዘው ስድቡን ቢጠብቁ ስድብ የለም።

«ዛሬ አትሰድቢያትም?»

«ማንን ልስደብ፣ እትዬ?» አለች ሱቺን። «ምስኪን ናት። ለካ አስቸጋሪ ነው።»

ጠዋት ቻንግገን ሻንጣውን እየጎተተ መጣ። ሱሪው ተተኩሶ፣ ታጥፎ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ተቀበላት። «በይ እንግዲህ፣ ደህና ሁኚ» አለ። «አንተም» አለች። ዞረ። አንድ እግሩ ደፍ ተሻገረ። ሱቺን የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ፣ እንደ ክር በቀጠነ ድምፅ ተናገረች።

«አትሂድ።»

ቻንግገን ዞረ። እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «ምን አልሽ? የጀልባ ሞተር ጆሮዬን በልቶታል።»

ይኼኔ ነው የሷ ነገር የመጣው። ፍርሃቷም፣ እፍረቷም፣ የዚያ ሁሉ ዓመት ቁጭትም ተደራርቦ አንዴ ገነፈለ።

«አትሂድ አልኩህ! እወድሃለሁ! ያኔም እወድህ ነበር፣ ዛሬም እወድሃለሁ! እዚህ ቅር! እኔ ጋ ቅር!»

ቦዩ ላይ የሚያልፈው ጀልባ ቀዛፊ መቅዘፊያውን ያዝ አድርጎ ቀና አለ። ከማዶ መስኮት ተከፈተ። እትዬ ፓንግ ምጣዱ ላይ ያለው እንደሚያር ረስተው «እሰይ!» ብለው ጭናቸውን መቱ።

ቻንግገን ሻንጣውን አስቀመጠ። እንባው በተጨማደደው ጉንጩ እየወረደ ፈገግ ይላል።

«የመጀመሪያውንም ሰምቼዋለሁ» አለ።

«ምን? ታዲያ ሰፈር እስኪሰማ ለምን አስጮኽከኝ?»

«ይኼን ሁሉ ዓመት ጠብቄ አንዴ ብቻ ልስማው እንዴ?»

ሱቺን የተጠቀለለውን ሱሪ ከእጁ ነጥቃ በእሱው ትከሻውን ትመታው ጀመር፤ እያለቀሰች ትመታዋለች፣ እየሳቀች ትመታዋለች፣ እሱም ገለል ሳይል ቆሞ ምቱን ይቀበላል።