ምህረት ያልጠገበችው ፈረስ

የኩሽኔታ ጎማ ሲሚንቶ ላይ ሲንከባለል የሚያወጣውን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ አሁን በምንኖርባት ሚዛን ከተማ ገበያ መሃል ብሆንም ቆም ብዬ ዞር ማለቴ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ ሸንኮራ የጫነ ጋሪ ነው። እኔ ግን የምሰማው ቴፒ፣ የቤታችን በረንዳ ላይ፣ አባቴ ለታናሽ እህቴ የሠራላትን የእንጨት ፈረስ ነው።

እህቴ ምህረት ትባላለች። እኔ አሥር ዓመት ሲሞላኝ እሷ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ነገር ግን አትቆምም፣ ደግፈው ካላስቀመጧት አትቀመጥም፣ እግሮቿ እንደ መቀስ ተጠላልፈው ይደርቁ ነበር፣ ከአፏም ከሦስት አራት ቃል በላይ አይወጣም ነበር። እናቴ እሷን አዝላ ውሃ ትቀዳ፣ እሷን አዝላ ልብስ ታጥብ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ምህረትን ጓዳ የማስገባት ሥራ የእኔ ነበር። እንዲህ አድርጊ ብሎ ያዘዘኝ አልነበረም፤ እናቴ ታየኛለች፣ እኔም አነሳታለሁ።

በዚያ ክረምት ሚዛን ሆስፒታል ወስደን አሳከምናት። የተሳፈርንበት መኪና ጭቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተይዞ፣ ወርደን እየገፋን ነበር የደረስነው። ምህረትን የመረመረቻት ፊዚዮቴራፒስት እግሯን ቀስ ብላ አጥፋ ዘረጋችና፣ ከመሳቢያዋ አንድ ስዕል አውጥታ አሳየችን፤ ጎማ ያለው፣ ወንበር የመሰለ መደገፊያ የተገጠመለት የልጆች ፈረስ ነበር።

«ይሄን ብታገኙላት ጥሩ ነበር» አለች። «ስትፈናጠጥበት እግሯ ይከፈታል፣ ጀርባዋም ቀጥ ማለት ይለምዳል። ግን የት እንደሚሸጥ አላውቅም።»

አባቴ አናጢ ነበር። ስዕሉን ተቀብሎ ብዙ ካየው በኋላ በጣቱ ይለካው ጀመር። «የምትደገፈው እዚህ ጋ ነው?» ሲል ጠየቃት።

«አዎ፣ ደረቷ ላይ ቀበቶ ያስፈልጋታል። ደግሞ በቀን ሁለቴ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፤ እንዳታቋርጡባት።»

ወደ ቴፒ ተመለስን። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እሱ በረንዳው ላይ ዋንዛ እየላገ ሰነበተ። ጎማውን ከጋራዥ ካመጣው አሮጌ ኩሽኔታ፣ ቀበቶውን ከእኔ ቦርሳ ማንገቻ ሠራው፣ መደገፊያውን በእናቴ ያረጀ ቀሚስ ሸፈነው።

የመጀመሪያ ቀን ምህረት ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች። መስከረም ሲጠባ ግን ፈረሱን ስታይ በደስታ እጇን ታወናጭፍ ነበር። ጠዋት አባቴ፣ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔ እንገፋት ነበር። ጥቅምት ላይ አንገቷ መውደቁን ተወ፣ የፈረሱን ጆሮ ይዛ ያለ ቀበቶ መቀመጥ ጀመረች፤ አንድ ቀን ደግሞ እግሯን ከማሰሪያው ብንፈታላት መሬቱን ረግጣ ወደ ኋላ አንድ ስንዝር ያህል ሄደች። አባቴ «ነይ እዪ! ነይ እዪ!» እያለ እናቴን ከወጥ ቤት ጠራት፣ ከዚያም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሲረጋጋ ወደ እኔ ዞሮ «በሚመጣው መስከረም ካንቺ ጋር ትምህርት ቤት ትገባለች» አለኝ። ደስ አላለኝም። ልጆቹ ሲያዩዋት ታየኝ።

ኅዳር ሲገባ ቡናው ደረሰና እናቴ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠብቃ ለለቀማ መውጣት ጀመረች፣ አባቴም ጌጫ ከተማ የሚሠራ ቤት አግኝቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ይመጣ ነበር። ከሰዓት በኋላ እኔና ምህረት ብቻችንን እንውላለን። ከዚያ በፊት ቤታችን የማይመጡት የሰፈር ልጆች ያኔ መምጣት ጀመሩ፤ የመጡት ለፈረሱ ነበር። እኔም ምህረትን ከፈረሱ አውርጄ ጆንያ ላይ፣ ግድግዳ አስደግፌ አስቀምጣትና ተራ አስይዛቸው ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓደኛ አገኘሁ። የምህረት ግማሽ ሰዓት ሩብ ሆነ፣ ከዚያም ፈረሱን ሳትነካ የምትውልበት ቀን መጣ።

ከጅማ የመጣው ባለሱቅ ልጅ ሰሚራ ብቻ አንድ ቀን «እሷስ ተራዋ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እሷ ደክሟታል» አልኳት።

አንድ ሐሙስ፣ ልጆቹ እያዩኝ፣ ከበራችን ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ እኔው ራሴ ተቀመጥኩበት። ፈረሱ የተሠራው ለአምስት ዓመት ልጅ ነው። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ የፊት እግሩ ተሰነጠቀ፣ አንገቱ ከሥሩ ተገነጠለ፣ እኔም ሣሩ ላይ ተንከባለልኩ። ልጆቹ ወዲያው ተበተኑ። ስብርባሪውን ለቅሜ በረንዳው ላይ፣ ምህረት አጠገብ ከመርኩት። እሷ ሁሉንም አይታለች።

ቅዳሜ አባቴ መጣ። «ምን ሆኖ ነው?» ሲል «ምህረት ወደ ፊት ወድቃ ነው፤ አብሯት ወደቀ» አልኩት፤ ሐሙስ ማታ ለእናቴም ያልኳት ይህንኑ ነበር።

ሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ተንበርክኮ ራሷን፣ ክንዷን፣ ጉልበቷን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ምህረት እኔን እያየች «አይ! አይ! አይ!» እያለች ትጮህ ጀመር፣ ምራቋ በአገጯ ይወርድ ነበር፣ እጇን ወደ እኔ ለመዘርጋት ትታገል ነበር።

«ፈርታለች» አለች እናቴ እያባበለቻት። «ገደል ልንከታት ነበር እኮ። በቃ፣ ሌላ ፈረስ አትሥራላት።»

አባቴ ስብርባሪውን አየ፣ ምህረትን አየ። «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» አላትና ግንባሯን ሳማት። ምህረት የባሰ ጮኸች።

ዋንዛው መልሶ በርጩማ ሆነ። በጋው አለፈ፣ ክረምት ገባ፣ መስከረም ላይ ብቻዬን ትምህርት ቤት ሄድኩ። እንደገና ሚዛን ስንወስዳት የመጀመሪያዋ ሴትዮ ተዛውራ ነበር፤ የተካት ሰው የምህረትን ጀርባ ዳስሶ «እስካሁን ምንም አልሠራችሁላትም እንዴ?» ሲል አባቴ አቀረቀረ።

አባቴ እውነቱን ሳይሰማ አረፈ። ለምህረት ግን ዓምና፣ ፀጉሯን እየሠራሁላት፣ ነገርኳት። ዛሬ ቀስ እያለች ትናገራለች፣ የለመዳት ሰው የምትለው ይገባዋል።

«እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ» አለችኝ። ሌላ ነገር ትጨምራለች ብዬ ጠበቅሁ። «ጨርሺልኝ» አለችኝ፣ ፀጉሯን ነው።

ዛሬ ሚዛን ውስጥ እንደ ምህረት ያሉ ልጆችን እናቶቻቸው በጠራራ ፀሐይ ታቅፈው ይዘው ሲወጡ አያለሁ፣ መደገፊያ ያለው የፕላስቲክ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚስቅ ልጅም አይቻለሁ። እህቴ ግን ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ጀርባዋ ጎብጦ ቀርቷል። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ብቻዬን አነሳት ነበር፤ አሁን ፀሐይ እንድትሞቅ ለማውጣት ከእናቴ ጋር ሁለት ሆነን ነው የምናነሳት፣ እናቴም እያረጀች ነው።