ያልዋጠው አረቄ

ረቡዕ፣ መንገድ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ወንድሜን ላመጣ ነው። ጋሼ ታደሰ ሐረር በመምህርነት ተመድቦ ሄዶ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ እዚያው የቀረ ታላቅ ወንድሜ ነው። ልጁ ሰብለ እሑድ ታገባለች። ስወጣ እስከ በር ሸኘችኝና፣ «አጎቴ፣ ጉልበቱን ስሜ እንዲመርቀኝ ነው የምፈልገው። እየጠጣ ከሆነ ግን ተወው» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ዕለት ሰክሮ እንግዳ ፊት ወድቆባታል። ከዚያ ወዲህ ግን ቁልቢ ገብርኤል ተስሎ መጠጥ እርም ብሎ ነበር።

አዋሽ ላይ ሙቀቱ አቀለጠን። ከአሰበ ተፈሪ በኋላ መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ ወጣ፤ ሂርና ወርደን ጥብስ በላን። ቁልቢ ስንደርስ ተሳፋሪው አማተበ። እኔም የወንድሜን ስለት አስቤ ገብርኤልን አመሰገንኩ። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ዘግቶ ስላቆየን ሐረር የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። ባጃጅ ይዤ ወንድሜ የሚኖርበት አቦከር ሰፈር ደረስኩ።

በሩን የከፈቱልኝ የግቢው ጎረቤት አዴ ፋጡማ ናቸው፤ የሐረር አሮጊት፣ ለወንድሜ እንደ እናትም እንደ ጠባቂም የሆኑለት። «አልሐምዱሊላህ፣ መጣህ! ግባ፣ ጥርሱን አስነቅሎ ተኝቷል» አሉኝ።

ጋሼ ጉንጩ አብጧል። ሲስመኝ አረቄ ሸተተኝ።

«ጋሼ፣ ጠጣህ እንዴ?»

«ኧረ አልጠጣሁም! ይሄ የጥርስ ነው። እዚህ ጎን ያለው ጡረተኛ ወታደር፣ ቁስሉን ያደርቅልሃል ብሎ አመጣልኝ። እይዝበትና እተፋዋለሁ። የተሳልኩት ላልውጥ ነው።»

ጠርሙሱ ተጋምሷል። አልጋው ሥር ያለው መትፊያ ጣሳ ግን ደረቅ ነበር።

ሐሙስ፣ ከተማ

ጠዋት ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ አፉን አይታ ፊቷን አጨማደደች።

«አባባ፣ ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም ነው ቁስሉን የሚሸፍነው። እርስዎ በአረቄ አጥበው አወጡት። አጥንቱ ተራቁቷል።»

«ሲያመኝ ነው እኮ የምይዝበት፣ የኔ ልጅ።»

«ስለያዙበት ነው የሚያምዎት» አለችው፣ ቀስ ብላ። አጽድታ መድኃኒት አደረገችበት፤ በጨው ውኃ ብቻ እንዲጉመጠመጥ፣ መጠጥ የሚባል እንዳይነካ አስጠነቀቀችው።

ከዚያ ጀጎል ገባን። በጊደር መጋላ ገበያ በርበሬና እህል መሐል አልፈን፣ የልብስ ስፌት መኪና ወደሚንጫጫበት መንገድ ወረድን። ጋሼ ለሠርጉ ሱፍ አሰፍቶ ኖሯል። ሲለብሰው ልክክ አለ።

«ማሻአላህ! ሙሽራው እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለው ልብስ ሰፊው።

ጋሼ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ፤ ደስ አለኝ። ጠርሙሱን አርቄ መድፋት ነበረብኝ፣ ግን በዚያ ሳቅ ተታለልኩ።

ማታ አዴ ፋጡማ ሁልበት የሚሉትን የአብሽ መረቅ ይዘውልን መጡ። ሲወጡ በር ላይ ጠሩኝና፣ «ጥርሱን ለምን እንዳስነቀለ ነገረህ? ‹በሚሸት አፍ ልጄን አልመርቅም› ብሎ ነው፣ ወላሂ!» አሉኝ።

ዓርብ፣ መመለሻ

ልቀሰቅሰው ስገባ ሱፉን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጠርሙሱ ባዶ ነው።

«ጥርሱ ብሶብህ ነው?»

«የለም» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። «ሐኪሟ እጇ ይባረክ፤ ጥርሱስ ሌሊቱን አላመመኝም። ዝም ብዬ ጠጣሁት።»

አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ሱፉን አውልቆ እያጠፈ፣ «በዚህ አፍ አልመርቃትም። አንተ መርቅልኝ» አለ።

አዴ ፋጡማ፣ «አንተ ለልጅቷ ድረስላት። ኢንሻአላህ እኔ አለሁለት» ብለው ገፍተው አስወጡኝ። ቁልቢን ሳልፍ ማማተብ አቃተኝ።

እሑድ፣ ቤት

አረቄ የጥርስ መድኃኒት ነው ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። ወንድሜ ቤት ግን በተነቀለው ጥርስ ቀዳዳ ነው ተመልሶ የገባው። መጠጥ ለተወ ሰው በመድኃኒት ስም እንኳ ጠብታ እንዳናቀርብለት ተምሬ መጥቻለሁ፤ ትምህርቱ ግን ለሠርጉ አልደረሰም።

ለሰብለ አልዋሸኋትም። ጥርሱን ለምን እንዳስነቀለም ነገርኳት።

ዛሬ ነጭ ለብሳ መጣች። በአባቷ ወንበር ተቀምጬ ልመርቃት ስዘጋጅ፣ ስልኳን አውጥታ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችውና ተንበረከከች።

«አባዬ፣ በስልክ አይሸትም። መርቀኝ።»

ከስልኩ ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማናል።

«ዘርተሽ ቃሚ...» አለ ጋሼ። «ወልደሽ...»

ከዚያ በኋላ የተሰማን ለቅሶው ብቻ ነው። ሰብለ ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ስልኩን ሳመችና፣ «አሜን፣ አባዬ» አለች።