ከመስመሩ ላይ የተጠረገው በረዶ

ሳይማ ካንጋስ የባሏን ሞት አትፈራም ነበር ብል ውሸት ነው፤ ግን ከሞቱ ይልቅ ከቤት መወሰዱን ትፈራ ነበር። ያስማላት ራሱ ባሏ ኦኒ ነው። ባለፈው መጸው ስትሮክ ግራ ጎኑን ሽባ አድርጎት፣ አንደበቱም ተሳስሮ ከሆስፒታል ሲመለስ፣ አሟልቶ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር "ከዚህ ቤት እንዳታስወጪኝ" የሚል ነበር። እሷም "አላስወጣህም" አለች። ሳይማ ደግሞ አንዴ ካለች አለች ነው።

ጣጣው ልጃቸው ማርሊስ ናት። መጥፎ ልጅ ሆና አይደለም፣ አባቷን ስትወድ ለጉድ ነው። ከተማ ትኖራለች፤ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ አልጋ አስይዛለት፣ በስልክ እናቷን ትጨቀጭቃለች።

"እማዬ፣ አንቺም እኮ አሮጊት ነሽ። በዚህ ብርድ ግንድ እየተሸከምሽ፣ እሳት እየቆሰቆስሽ…"

"ድሮስ ማን ተሸክሞልኝ ያውቃል?"

"አባዬ ነዋ!"

"እሱን እንኳን ተይው። ሲሸከም ግማሹን እግሬ ላይ ነበር የሚጥለው።"

ማርሊስ አልሳቀችም። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ቤቱ ሞቆ እስከዋለና እስካደረ ድረስ ኦኒ የትም አይሄድም፤ አንዲት ቀን ከቀዘቀዘ ግን ማርሊስ መጥታ ትወስደዋለች። ሳይማ እሺ አለች። ሌላ ምን ትበል?

ቤቱን የሚያሞቀው እሳት ያለው ቤት ውስጥ አይደለም። ግቢው ጫፍ ላይ ጭስ ማውጫ ያለው፣ የቆርቆሮ ጎጆ የሚመስል ምድጃ ቆሟል። ሳይማ ጠዋትና ማታ ግንድ ታጎርሰዋለች። እሳቱ በዙሪያው ያለውን ውኃ ያፈላል፣ ፓምፑ ደግሞ ውኃውን ከመሬት በታች በተቀበረ ቱቦ እየገፋ ቤቱን አዙሮ ይመልሰዋል። ምድጃውን ያቆመው፣ ቦዩንም የቆፈረው ኦኒ ነው። ግቢው መሃል ሲደርስ አለት ገጠመውና ቱቦውን እዚያ ጋ በደንብ ሳያጠልቅ ቀበረው። "ግድ የለም፣ በረዶው ያለብስልኛል" አለ። እውነቱን ነው። እዚህ በላይኛው ሚሺጋን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ በረዶ ለመሬት ጋቢዋ ነው፣ ከላይዋ እስከተኛ ድረስ ከሥር አትጠጥርም። የተጠረገ፣ የተረገጠ፣ መኪና የሄደበት መሬት ግን ብርዱን ወደ ታች ይስበዋል። ለዚህ ነው ኦኒ መስመሩን ግራና ቀኝ ቀይ እንጨት ተክሎበት፣ በዚያ የሚያልፍ ሰው ካየ በመስኮት የሚጮኸው። ቄሱ ላይ ሳይቀር ጮኾባቸዋል።

ያ ምድጃ በቆመ ዓመት የወጥ ቤቱን የድሮ ምድጃ አውጥተው ጣሉት። ያስጣለችው ሳይማ ናት፤ የእንጨት ልጣጭና ጥላሸት መጥረግ አንገሽግሿት።

ታዲያ ከገና በኋላ ኦኒን ወደ ሐኪም የምታመላልሰው ዊልቸር የምትጭነው መኪና በረዶው በዝቶ በሩ ድረስ መግባት አቃታት። ሾፌሩ "ወይ መንገድ አስጠርጊ፣ ወይ አልመጣም" አላት። በአንድ በኩል ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታጠቡበት፣ በእንጨት እሳት የሚሞቀው የእንፋሎት ክፍል፣ ሳውናው፣ በሌላ በኩል የማገዶ ክምሩ አለ። መኪና የሚያሳልፈው መሃሉ ብቻ፣ እሱም መስመሩ ላይ ነው። ሳይማ መኪናው ላይ የበረዶ መጥረጊያ የገጠመውን ጎረቤቷን ዱዌይንን ጠራችው።

ዱዌይን ቀዮቹን እንጨቶች አይቶ ራሱን አከከ። "ሳይማ፣ ኦኒ ይገድለኛል እኮ።"

"ከአልጋው ተነስቶ ከገደለህ ለእኔ ሠርግ ነው።"

"ቀልዱን ተይው። ብርዱ ቢገባስ?"

"ጭድ አለብሰዋለሁ። ጥረግ አልኩህ፣ ጥረግ!"

ጠረገ። ሲጠርግ ደግሞ አይሳሳም፣ ሣሩ እስኪታይ ነው። ሳይማም ጭዱን ነገ፣ ነገ ስትል፣ ኦኒን ማጠቡ፣ ማጉረሱ፣ ማገላበጡ፣ ማገዶ መፍለጡ መቼ ፋታ ሰጣት? ያላት እጅ ሁለት ነው። ፓምፑ ሙቅ ውኃ ሲያመላልስ ደግሞ ቱቦው ምንም አልሆነም፤ ያም አዘናጋት።

በየካቲት አንድ ጠዋት ነፋስ ዛፍ ጥሎ የመብራት ገመድ በጠሰ። ምራቅ መሬት ሳይደርስ የሚጠጥርበት ብርድ ነበር። መብራቱ ሲሄድ ፓምፑ ቆመ። ሳይማ ብዙም አልደነገጠች፤ መብራት ጠፍቶ ያውቃል፣ ውኃውም ቱቦው ውስጥ ግማሽ ቀን ሳይቀዘቅዝ ይቆያል። ኦኒን ብርድ ልብስ ደራርባለት ጠበቀች። ረፋዱ ላይ መብራቱ መጣ፤ ፓምፑም ማጓራት ጀመረ።

"ተመስገን!" አለችና ሙቅ ውኃው የሚዞርበትን የማሞቂያ ብረት ዳሰሰች። ቀዝቃዛ ነው። ጠብቃ ዳሰሰችው። ያው ነው። ፓምፑ ያጓራል እንጂ ውኃው አይሄድም። ቱቦው እሷ ባስጠረገችው ቦታ ላይ ጠጥሮ ቀርቷል።

"እኔ ነኝ" አለች ጮክ ብላ፣ ብቻዋን። "እኔው ነኝ ያጠፋሁት!"

ሮጣ ወጣች። ምድጃው ሙቀቱን የሚወስድለት አጥቶ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ በአናቱ እየተግተለተለ ይወጣል። እሳቱ ካልወጣለት ውኃው ተንኖ አልቆ ምድጃው ራሱ ሊቃጠል ነው። እዚያው ቆማ ሳለ በክረምት መቃብር የሚቆፍሩ ሰዎች ትዝ አሏት። የጠጠረ መሬት ላይ ፍም ዘርግተው፣ በቆርቆሮ ከድነው፣ እስኪለሰልስ ይጠብቃሉ። የኦኒ አባት እንዲያ ነበር የተቀበሩት። በዚህ ሰዓት መቃብር ትዝ ማለቱ አናደዳት። ቢሆንም አካፋውን አነሳች።

ግን መጀመሪያ ኦኒ። ትንሿን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አጠገቡ ሰክታለት ነበር፤ በአሮጌው መስኮት የሚገባውን ነፋስ የት ትቻለው! የኦኒ ከንፈር መጥቆር ጀምሯል። ከዚህ ግቢ እሳት የሚነድበት ክፍል ያለው አንድ ሳውናው ብቻ ነው። ሄዳ አቀጣጠለችውና ተመልሳ ባሏን ከነብርድ ልብሱ ግንድ በምትጎትትበት ተንሸራታች ላይ አጋደመችው። ያን ትልቅ ሰውዬ እንዴት እንዳወረደችው እሷም አታውቅ።

"የት?" አለ ኦኒ።

"ሳውና።"

"ቅዳሜ… ነው?"

"ቅዳሜ አይደለም። በሞቴ ዝም ብለህ ያዝ።"

ግቢው መሃል ሲደርሱ ዓይኑ የተጠረገውን መሬት አየ። የስንት ወር ምላሱ ያን ጊዜ ተፈታ መሰለኝ።

"ማን… ጠረገው?"

"እኔ።"

ገመዱን እየጎተተች ትንሽ ሄደች።

"ጭድ" አለ ኦኒ።

"አውቃለሁ!" ብላ ጮኸችበት። "ጭድ! አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ!" ከዚያ ገመዱን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች አለቀሰች፤ እንባዋም ጉንጯ ላይ ደረቀ።

ሳውናው ውስጥ አግዳሚው ላይ አስተኝታው፣ ምድጃው አፍ ላይ ሁለት ግንድ አስጠግታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ጤነኛ ሰው አያደርገውም። ከትልቁ ምድጃ ፍም በአካፋ እየዛቀች፣ ነፋሱ ብልጭታውን ፊቷ ላይ እየበተነው፣ እየሮጠች መስመሩ ላይ ታፈሳለች። የድሮ ጣሪያ ቆርቆሮ ትከድንበታለች። ወደ ሳውናው ሮጣ ኦኒን ታየዋለች፣ እንጨት ትጨምራለች፣ ተመልሳ ትዝቃለች። አንዴ ተንሸራታ ወደቀችና የጋለውን ቆርቆሮ በባዶ መዳፏ ተደገፈችው። ቆዳዋ እዚያው ቀረ። ቤት ውስጥ ስልኩ ይጮኻል። ማን እንደሆነ ታውቃለች። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ዱዌይን የሰፈሩን መንገድ ጠርጎ ሲያልፍ ጭሱን አይቶ ገባ። አንድም ነገር ሳይጠይቅ ሌላ አካፋ አነሳ። ጥቂት ከሠራ በኋላ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ ጥግ ይዞ አነጋግሮ ተመለሰ።

"ማርሊስ ናት የደወለችው። ስልክ አታነሳም ብላ።"

"ምን አልካት?"

"ጠየቀችኝ እኮ ሳይማ። ልዋሽ?"

"አዎ! ትዋሽ ነበር! ስንት ዓመት ቡናዬን ጠጥተህ አንድ ቀን ብትዋሽልኝ ምን ነበረበት?"

ዱዌይን ወደ ፍሙ ዞረ። አካፋውን አነሳ።

ማርሊስ ፀሐይዋ ጫካው ላይ ዘንበል ስትል ደረሰች። ግቢው የጦር ሜዳ መስሏል፤ አመድ፣ ጭስ፣ ቆርቆሮ። እናቷ ቅንድቧ ተለብልቦ ሳውናው በር ላይ ቆማለች።

"አባዬ የታለ?"

"ውስጥ ነው። ሙቀት ላይ ነው። ነይ ዳሰሺው፣ ካንቺ ይሞቃል!"

"ቤቱስ?"

"ቤቱ ነገ ይሞቃል። ይሄም ቤት ነው።"

"እማዬ፣ ሳውና ቤት ነው?"

"እዚህ የተወለደ ሰው አለ! አባትሽ እዚህ ነው የተወለደው! ቤት ካልሆነ ምንድን ነው?" ሳይማ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። "አንዲት ሌሊት ስጪኝ። ልለምንሽ፣ ማርሊስ። አንዲት ሌሊት። እግርሽ ላይ ልውደቅ?"

ማርሊስ ፊቷን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። እሺ ልትል ነበር፤ ዱዌይን እስከ ዛሬ ይምላል፣ እሺ ልትል ነበር። ያኔ ከውስጥ ኦኒ ጠራ። ሦስቱም ገቡ።

ኦኒ በደህናው እጁ የሳይማን እጅ ያዘና ገለበጠው። መዳፏን አየ። ቆዳ የለውም። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ዓይኑን ወደ ልጁ አነሳ።

"ውሰጂኝ" አለ።

"ምን አልክ?" አለች ሳይማ።

"ውሰጂኝ… ማርሊስ።"

"ማን ጠየቀህ! አስምለኸኝ የለም እንዴ? አንተ አይደለህ ያስማልከኝ? እሳቱ ተዘርግቷል፣ መሬቱ ሊለሰልስ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው፣ ኦኒ፣ ትንሽ…"

"አንቺ አላስወጣሽኝም" አለ። ቃሉን አንድ በአንድ፣ ከባድ ነገር እንደሚያነሳ ሰው እያወጣ። "እኔ ነኝ… የወጣሁት።"

ዱዌይን አቅፎ የማርሊስ መኪና ውስጥ አስገባው። ሳይማ መስኮቱን ይዛ እስከ ግቢው መውጫ አብራ ሄደች። ከዚያ ማርሊስ "እማዬ፣ ልቀቂው" አለቻት፤ ለቀቀችው። አብረሽን ነይ ብትላት ምድጃውን ለማን ልተወው አለች።

ሲመሽ ቱቦው ተፈታ። መጀመሪያ ብረቶቹ ጓ፣ ጓ አሉ፤ ከዚያ ውኃው ሲንሿሿ ተሰማ፤ ትንሽ ቆይቶም ቤቱ ሞቀ። ሳይማ ባዶው አልጋ አጠገብ ተቀምጣ የጋለውን ማሞቂያ በተቃጠለው እጇ መታችው።

"አሁን?" አለችው። "አሁን ነው የምትመጣው?"

አብሯት የቆየው ዱዌይን ሊያጽናናት እየሞከረ "ማሞቂያው እኮ አይሰማሽም" አላት። ካፖርቷን አንስታ ወጣችና ለማንም የማይሆነውን እሳት ግንድ በግንድ ትመግበው ጀመር።